ለተብርሃን አልቀማችኝም

(ደሴ፤ ጦርነቱ ባበቃ በሁለተኛው ዓመት፣ ከአሰብ የተባረሩ ሰዎች ጥለውት ለመጡት ንብረት ከማዶው መንግሥት ካሳ ለመጠየቅ በሚመዘገቡበት የትምህርት ቤት ክፍል፣ ረፋድ ላይ፤ አሰብ ምግብ ቤት የነበራቸው ወይዘሮ አንሻ በመዝጋቢው በይርዳው ጠረጴዛ ፊት ቆመዋል።)

አንሻ፦ አልቀመጥም አልኩህ። ቅጼን ስጠኝና ልሂድ።

ይርዳው፦ እትዬ አንሻ፣ ይኼ እኮ ጎረቤት የተዋሰው ወንፊት አይደለም፣ መልሱልኝ የሚባል። ጣትዎን አትመዋል፣ ቅጹም ሳጥን ገብቷል። አለቀ።

አንሻ፦ ሳጥኑ ይኸው ከጀርባህ! አልተነሳ፣ አልተጫነ። ክፈትና አውጣልኝ።

ይርዳው፦ ስድስት ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ መኪና ይመጣል። አለቃዬ ቁርስ ሊበሉ ወጥተው ነው እንጂ እንደተመለሱ በሰም ያሽጉታል።

አንሻ፦ እሱ አይደል ያስሮጠኝ! ከሰኞ ገበያ እስከዚህ ዳገቱን በሩጫ ነው የወጣሁት። ሰው ሁሉ «ማን ሞተባት?» እያለ ዞሮ ያየኛል።

ይርዳው፦ ምን ተገኘ? ትናንት መርቀውኝ አይደል እንዴ የሄዱት?

አንሻ፦ ምርቃቴን ወስጄዋለሁ! የሰጠኸኝን ቅጂ ጎረቤቴ መምህርት ብርቄ አነበበችልኝ። ሦስት ጊዜ አስነበብኳት። በሦስተኛው ተነስቼ ሮጥኩ።

ይርዳው፦ ምን ይላል?

አንሻ፦ የጻፍከውን እኔን ትጠይቀኛለህ? ይኸው፣ አንብበው። ቀስ ብለህ ግን! ውጭ ሰልፍ የያዘ ሰው አለ።

ይርዳው፦ «ለተብርሃን ተስፋማርያም የተባለች የዚያ መንግሥት ዜጋ፣ ከታጠቁ ኃይሎች ጋር በመተባበር፣ ባለአራት ክፍል መኖሪያና ምግብ ቤቴን ከነሙሉ ዕቃው በኃይል ቀምታኛለች።» ታዲያ ምኑ ላይ ነው ችግሩ? ዕቃ ረሳሁ? ማቀዝቀዣውን?

አንሻ፦ ኧረ በአላህ! ለተብርሃን? ዶሮ ሲታረድ ጓሮ ሄዳ ጆሮዋን የምትይዝ ሴት? እሷ ናት ከወታደር ጋር ሆና ቤት የምትቀማው? እኔ እንዲህ ነው ያልኩህ?

ይርዳው፦ እርስዎማ ያሉኝ «ቁልፉን በአደራ ሰጠኋት» ነው።

አንሻ፦ ታዲያ እሱን አትጽፍም?

ይርዳው፦ ብጽፈውማ እጅዎን አጣጥፈው ሊቀሩ ነው። ይስሙኝ እንጂ እትዬ። ጉዳዩ ውጭ አገር ዳኞች ፊት ነው የሚቀርበው። ዳኞቹ «ማን ቀማሽ?» ነው የሚሉት። «ኧረ ወድጄ ለጓደኛዬ ሰጠሁ» ያለችን ሴት ማን ይክሳል? «ሂጂና ከጓደኛሽ ተቀበዪ» ይሏታል። እኔ ለእርስዎ አዝኜ ነው ያጠበቅኩት።

አንሻ፦ አጠበቅክልኝ፣ አዎ። አንገቴ ላይ።

ይርዳው፦ አሥራ ስድስት ዓመት ሽንኩርት ሲከትፉ የኖሩበት ቤት ነው! ግማሹ ወደብ ከእርስዎ እጅ አይደል እንዴ የበላው? ለአንድ ቃል ብለው ሊጥሉት?

አንሻ፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በእመቤቴ በለኝና እውነቱን ንገረኝ። ይኼን ወረቀት እነዚያም ያዩታል?

ይርዳው፦ ያዩታል እንጂ። ክስ ነው እኮ። መልስ እንዲሰጡበት ቅጂው ይደርሳቸዋል።

አንሻ፦ ስሟንም?

ይርዳው፦ ስሟን፣ ሰፈሯን፣ የቤት ቁጥሯን። ማስረጃው እንዳይሳሳ ብዬ አንድም አላስቀረሁም።

አንሻ፦ ያ ረቢ! ያ ረቢ!

ይርዳው፦ እትዬ፣ ምነው? ይቀመጡ፣ ውሃ ላምጣልዎት።

አንሻ፦ ውሃህን ተወው! አንዲት ፍሬ ቅጽ ነው የጠየቅኩህ።

ይርዳው፦ ደግሞ ማን ያየዋል ብለው ነው? ስንት ሺህ ወረቀት አለ መሰለዎት! የእርስዎን ለተብርሃን ለይቶ የሚፈልግ ሥራ ፈት አለ?

አንሻ፦ ለክፉ ነገር ሲሆን ሥራ ፈት ጠፍቶ አያውቅም።

ይርዳው፦ ቢያዩትስ? ቀማች ነው የሚለው። በእነሱ ዘንድ ያስመሰግናታል እንጂ አያስከስሳትም። እኔ እኮ ጀግና አድርጌ ነው የጻፍኳት።

አንሻ፦ እስቲ አሁን ቀልድ! «ከታጠቁ ጋር ሆና» አልክ። የታጠቁትስ «መቼ ከእኛ ጋር ነበርሽ?» አይሏትም? «የጠላት ሰው ቤት ቁልፍ ከየት አመጣሽ?» አይሏትም? ሊጠይቋት ሲመጡ በሯን አይከፍቱም? ሲከፍቱስ...

ይርዳው፦ ሲከፍቱ ምን?

አንሻ፦ ምንም።

ይርዳው፦ ሲከፍቱ ምን ያገኛሉ?

አንሻ፦ ምንም አልኩህ! አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ብለን ነው የተለያየነው። አደራ የጠበቀችን ሴት ሌባ ብዬ ከስሼ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? እሱ ነው። ሌላ የለም።

ይርዳው፦ እሱ ብቻ ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልችልም። ሦስት መቶ አርባ ሁለት ቅጽ ብለን ትናንት በስልክ አሳውቀናል። ሦስት መቶ አርባ አንድ ሆኖ ቢገኝ የምታሰረው እኔ ነኝ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

አንሻ፦ ድስቱን የጣድከው አንተ፣ የምታለቅሰው እኔ! ደህና ዳኝነት ነው።

ይርዳው፦ አንብቤልዎት ነበር እኮ።

አንሻ፦ ምኑን አነበብክልኝ? ካህን ዳዊት ሲደግም እንኳ እንዲህ አይፈጥንም። እኔ ልቤ ያለው «የሞተ ቤተሰብ አለ ወይ?» ያልከኝ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ያልከውን በጆሮዬ አልሰማሁትም።

ይርዳው፦ ይገባኛል። ልጅ ያህል ነገር። ለዚያም ነው ቶሎ ያለፍኩት፤ ቁስልዎን መነካካት አልፈለግኩም።

አንሻ፦ ይርዳው... በሩን ዝጋው።

ይርዳው፦ ሰልፍ አለ እኮ፣ ይንጫጫሉ።

አንሻ፦ ይንጫጩ። ዝጋው። ወንበርህንም አስጠጋ። የምነግርህን ለእናትህም እንዳትነግር፣ ለንስሐ አባትህም እንዳትነግር።

ይርዳው፦ እያስፈሩኝ ነው።

አንሻ፦ እኔ አራት ዓመት ሙሉ ስፈራ ኖሬያለሁ፤ አንተ አንድ ረፋድ ብትፈራ አትሞትም። ዘሃራ አልሞተችም።

ይርዳው፦ ዘሃራ ማን...? ልጅዎ? በመንገድ ላይ ሞተች ብለው ያስመዘገቧት?

አንሻ፦ ኧረ ቀስ በል በአላህ! እኔ ሞተች አላልኩህም። አንተ «በረሃው ላይ አረፈች አይደል?» ስትለኝ አንገቴን ነቀነቅኩ እንጂ።

ይርዳው፦ እኔ እኮ እንባዬ መጥቶ ነበር! «ነፍስ ይማር» ብዬዎታለሁ!

አንሻ፦ እኔም በሆዴ «አፍህን ይቁረጠው» ብዬሃለሁ።

ይርዳው፦ ታዲያ የት ናት?

አንሻ፦ የት ትሆናለች? ሊያባርሩን የመጡ ዕለት ኩፍኝ ይዟት እንደ ምጣድ ትግል ነበር። አምስት ዓመቷ ነው። በዚያ ሐሩር፣ ክፍት መኪና ላይ፣ ያለ ውሃ፣ ሁለት ቀን መንገድ! ለተብርሃን መጣችና ከእጄ ነጠቀችኝ። አየህ፣ የቀማችኝ እሷን ብቻ ነው። «ከተሳፈረች ትሞታለች፤ እኔ ጋ ብትቀር ትኖራለች፤ ምረጪ» አለችኝ። ቁልፉንም ልጄንም ሰጥቻት ወጣሁ። ዞሬም አላየሁ።

ይርዳው፦ በማርያም!

አንሻ፦ የሟች እህቴ ልጅ ናት ብላ አስመዘገበቻት። ስሟም ፍረወይኒ ሆኗል። ያለፈው ረመዳን ጅቡቲ የሚመላለስ አንድ መርከበኛ ወሬዋን አመጣልኝ። «ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ሙዝ አሁንም አትበላም በላት» ብላው። ዘሃራ ሙዝ ስታይ ያቅለሸልሻታል። ያን ስሰማ እውነት ልጄ መሆኗን አወቅኩ። የማለቅስበት ቦታ አጥቼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ይርዳው፦ ለሰው ለምን አልተናገሩም? ቀይ መስቀል አለ፣ ስንት ነገር አለ...

አንሻ፦ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ለአንዱ ብናገር ለሌላው፣ ሌላው ለሌላው፤ ድንበሩን ተሻግሮ እዚያ ሲደርስ «ለተብርሃን ያሳደገቻት የጠላት ልጅ ናት» ይሆናል። መንገድ እስኪከፈት ሞታለች ብዬ ቆየሁ። ጎረቤት ለቅሶ ሲደርሰኝ በቁሟ ያለች ልጄን ቅበሩልኝ እያልኩ ተቀመጥኩ። አሁን አንተ ስሟን ከነቤት ቁጥሯ ጽፈህ ልትልክላቸው! ይኸው፣ የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ልጥል ነው።

ይርዳው፦ እኔ ምን አውቄ...

አንሻ፦ አላወቅክም። እኔም አልወቅስህም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ አውጣልኝ።

ይርዳው፦ እትዬ አንሻ... ፈሪ ለእናቱ ነው። እኔም እናት አለችኝ፤ ከእኔ ሌላ ጧሪ የላትም። ቁጥሩ ጎደለ ቢባል...

አንሻ፦ አይጎድልማ! በቦታው ሌላ ቅጽ አግባ። ቁጥሩ ያው፣ ስሙ ያው። እኔ ልንገርህ፣ አንተ ጻፍ፦ አንሻ ዓሊ፣ አሰብ ውስጥ ቤትም ዕቃም አልነበራትም። የሰው ምግብ ቤት ሳህን አጣቢ ነበረች። በእጇ የያዘችው አንድ ነጠላ ነው፤ እሱንም ይዛው ወጥታለች።

ይርዳው፦ እንዲህ ከተጻፈ ከዚህ በኋላ መጠየቅ የለም። ሌላ ዙር የለም። ሰላም ቢወርድ፣ ድንበር ቢከፈት፣ ያ ቤት የእኔ ነው ብለው አፍ አይከፍቱም።

አንሻ፦ አልከፍትም።

ይርዳው፦ የተከራዩት ክፍል ጣሪያው እንደሚያፈስ ትናንት ሲነግሩኝ ነበር።

አንሻ፦ ያፍስ። ሳፋ አለኝ። ባዶውን ቅጽ አምጣው፣ ጣቴን ላትምልህ፤ አንተ ኋላ ትሞላዋለህ።

ይርዳው፦ ባዶ ወረቀት ላይ ያትማሉ?

አንሻ፦ ትናንትስ ምን ላይ ነበር ያተምኩት? ቀለሙን አምጣው እንጂ።

ይርዳው፦ የእርስዎ ብቻ ቢሆን እኮ ቀላል ነበር።

አንሻ፦ ምን ማለትህ ነው?

ይርዳው፦ አደራ ሰጠሁ ያሉኝን ሁሉ «ተቀማሁ» እያልኩ ነው የጻፍኩት። እዚህ ሳጥን ውስጥ ከሠላሳ በላይ ነው። አንዱን ሳወጣ ቢያዩኝ «ለምን?» ይላሉ፤ ሌላውን ሁሉ ይገላልጡታል። ሁሉም የእኔ የእጅ ጽሕፈት ነው።

አንሻ፦ ሠላሳ ሰው! ሠላሳ ለተብርሃን!

ይርዳው፦ እንዲጠቀሙ ብዬ ነው። በእግዚአብሔር ስም፣ ለክፋት አልነበረም።

አንሻ፦ ቆይ፣ ቆይ። ሀብታይንስ?

ይርዳው፦ የቱን ሀብታይ?

አንሻ፦ የቱን ሀብታይ ይለኛል! አሰብ ሳለን አባትህ ምሳውን ከእኔ ዘንድ ሲበላ ጎኑ ይቀመጥ የነበረውን ነዋ። የጭነት መኪና ሹፌሩን። እናንተን በሸራ ሸፍኖ እስከ ድንበሩ እስከ ቡሬ ያደረሳችሁ ማን ነው?

ይርዳው፦ ...ሀብታይ።

አንሻ፦ የቤታችሁን ቁልፍስ የያዘው?

ይርዳው፦ እሱው ነው።

አንሻ፦ ምን ብለህ ጻፍከው?

ይርዳው፦ እትዬ፣ ይተዉኝ።

አንሻ፦ አልተውህም። ምን ብለህ ጻፍከው?

ይርዳው፦ እንደሌሎቹ። ያንኑ ቃል።

አንሻ፦ አባትህ ሰምቶ ዝም አለ?

ይርዳው፦ አባቴ ዓይኑ አያይም። አላነበብኩለትም። «ሀብታይን በደንብ ጻፈው፤ ደግ ሰው ነው» አለኝ። እኔም እሺ አልኩትና ጣቱን ይዤ አሳተምኩት።

አንሻ፦ ወይ ጉድ! ወይ አንተ ልጅ!

ይርዳው፦ ሌሊት ሌሊት ሳስበው ያልበኛል። ወረቀት ነው፣ ማን ያነበዋል እያልኩ ለራሴ እነግረዋለሁ። እርስዎ አሁን «በሯን አይከፍቱም?» ሲሉ የሀብታይ በር ነው የታየኝ። ሰማያዊ ነው በሩ።

አንሻ፦ ሦስት ልጆች አሉት እኮ።

ይርዳው፦ አውቃለሁ። ትንሹን እኔ ነኝ ፊደል ያስቆጠርኩት።

አንሻ፦ እሱማ... ስማ! ግቢ ውስጥ የሚያወራው ማን ነው?

ይርዳው፦ አለቃዬ ናቸው። ከዘበኛው ጋር እያወሩ ነው። መጡ።

አንሻ፦ ይርዳው፣ እግርህ ሥር ልውደቅ? ንገረኝና ልውደቅ።

ይርዳው፦ አይውደቁ። ጀርባዎን ለበሩ ይስጡና ጥርቅም አድርገው ይያዙልኝ፤ የአባቴንም አብሬ ላውጣ።