የጋሽ አምባዬ ጭብጨባ

ጓዶች፣ ወይዘሮ አበዛሽ፣ እንግዶቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ። የስንብት ንግግሩን ለእኔ ለሸዋወርቅ የሰጣችሁት ድምፄ ከፕሬሱ ማሽን በላይ ስለሚሰማ እንደሆነ አውቃለሁ። ጋሽ አምባዬ፣ እርስዎ ዘና ብለው ይቀመጡ፤ ዛሬ የሚያርሙት ነገር የለም።

ወደዚህ ጣሳ ፋብሪካ የመጡበትን ጠዋት እናስታውስ። ካኪ ልብስ ለብሰው፣ ቦርሳ አንግበው ጥገና ክፍላችን በር ላይ ቆሙ። ማን እንደሚመጣ የነገረን ስለሌለ ከአዲስ አበባ የተላኩ ተቆጣጣሪ መሰሉን። የፕሬሱ ኦፕሬተር ወዬሳ ጋዜጣውን ቱታው ውስጥ ወሸቀ፤ እኔ ጠግኜ የጨረስኩትን ዕቃ እንደገና ፈታሁት። ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን እስከ ምሳ ሠራን። ፊሽካው ሲነፋ ቀስ ብለው ጠጋ አሉኝና፣ “ይቅርታ እኅቴ፣ ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?” አሉኝ። ለካ አዲሱ የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሻናችን ናቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ ቀና የሚል ሰው እየጠበቁ ኖሯል። ፋብሪካው የዚያን ጠዋት ያህል ሠርቶ አያውቅም። የምርት ኃላፊያችን ጓድ ገሠሠ፣ ይህችን እንዳልሰሙ ይሁኑልኝ።

ጠመኔያቸውን የማያውቅ የለም። የኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ ነጭ ነው። የቶይባ ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሳይቀር የሽቦ መንገድ ሲስሉ፣ ቶይባ ጨርቋን ይዛ አጠገባቸው ትቆማለች። ጥያቄያቸውንም ታውቃላችሁ። አንድ ቀን ወዬሳ፣ “አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ ጋሽ አምባዬ፣ ትናንት ሰፈራችን ሁለት ጋሪ ተጋጨ” ቢላቸው፣ ስለ ሰውም ስለ ፈረስም ሳይጠይቁ፣ “መስቀለኛው ላይ ማን ቀድሞ ደረሰ?” አሉት። የማሽን መቆጣጠሪያ ቦርድም ለእሳቸው እንደዚያው ነው። ምልክቱ መድረሱ አይበቃቸውም፤ የትኛው ከየትኛው ቀድሞ እንደደረሰ ካላወቁ እንቅልፍ የላቸውም። እኚሁ ሰው ግን ለቤታቸው ምሳ በሰዓቱ ደርሰው አያውቁም። ምስክሬ ባለቤታቸው ወይዘሮ አበዛሽ ናቸው።

አንድ መጽሔት ላይ፣ ውጭ አገር ቦርድ ከመሠራቱ በፊት በኮምፒዩተር አስመስለው እንደሚሞክሩት አነበቡ። በማግሥቱ ግቢ አወጡንና፣ “ኮምፒዩተር የለንም፤ እናንተ ግን አላችሁ” አሉን። መሬቱ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመሩ፤ እያንዳንዳችንን በአንድ ዕቃ ቦታ አቆሙን። ምልክቱ የቢራ ቆርኪ ነው። እሳቸው አንድ ጊዜ ሲያጨበጭቡ ቆርኪው ወደሚቀጥለው ሰው ይተላለፋል። በአጥር በኩል ያየን ሰው ሁሉ አብደዋል ብሎ ያልፍ ነበር።

አሁን የምናገረውን ጓድ ገሠሠ ፈቅደውልኛል። የፕሬሱ መቆጣጠሪያ ቦርድ የተቃጠለ ጊዜ ነው። መለዋወጫው ከምሥራቅ ጀርመን ሊመጣ አልቻለም፤ ስለዚህ ራሳችን ሠራነው። ቦርዱ ሁለት ምልክት ይቀበላል። አንዱ ፕሬሱን “ውረድ” ይለዋል። ሌላው የፕሬሱ መከላከያ በር ሲከፈት “ቁም” ይለዋል። የወዬሳ እጅ ከሥር ካለ “ቁም” የሚለው መቅደም አለበት። ሞከርነው፤ መብራቶቹ ሁሉ በሩ። የወሩ ኮታ ቀርቶብናል፤ ጓድ ገሠሠ ቆመው ይጠብቃሉ።

ጋሽ አምባዬ፣ “ሁለቱም ይደርሳሉ። ማን እንደሚቀድም ግን አላየሁም፤ አልፈርምም” አሉ።

“ምርት ማስቆም ምን እንደሚባል ታውቃለህ?” አሏቸው ጓድ ገሠሠ።

ቃሏን እኔ አልጠራትም። ጋሽ አምባዬ የዚያን ዕለት ቤታቸው ላያድሩ ይችሉ እንደነበር ግን ሁላችንም እናውቃለን። እሳቸው ጠመኔያቸውን አወጡና፣ “ጓድ፣ አንድ ሰው ጎድሎናል። እርስዎ ወዬሳ ይሁኑልን” አሏቸው። የጓድ ገሠሠን እጅ በርጩማ ላይ አስቀመጡ። ወዬሳ ራሱ ጋዜጣውን ጠቅልሎ ፕሬስ ሆነ።

ጭብጨባው ተጀመረ። “ውረድ” የሚለው ቆርኪ መንገዱ አጭር ነበር። ወዬሳ ጋ ደረሰና ጋዜጣው የጓድ ገሠሠን እጅ መታ አደረገው። “ቁም” የሚለው ቆርኪ ገና እኔ መዳፍ ውስጥ ነበር። የሳቀ የለም።

“ይቅርታ ጓድ” አለ ወዬሳ።

“ድገሙት” አሉ ጓድ ገሠሠ።

ተደገመ፤ እንደገና ተመቱ። ጓድ ገሠሠ እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት፤ ከዚያ የወዬሳን አዩ። “ቦርዱ ይቆይ” አሉና ሄዱ። ጋሽ አምባዬ የእኔን ቦታ ለሌላ ሰው ሰጥተው እኔን በአጭሩ መንገድ መሐል አቆሙኝ። “አንቺ ምንም አትሥሪ፤ ቆርኪውን ትንሽ አቆይተሽ አቀብዪ” አሉኝ። በሥራ ዘመኔ ያለ ስህተት የሠራሁት ሥራ ይኸው ነው። በሚቀጥለው ዙር “ቁም” ቀደመ፤ ጋዜጣው አየር ላይ ቀረ። ቦርዱንም እንደዚያው አስተካከልነው፤ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ጋሽ አምባዬ፣ እናመሰግንዎታለን። ፈርተው እንደነበር አውቃለሁ። ፈርተውም አልፈረሙም። እኛም ዕቃ ከእጃችን ከመውጣቱ በፊት ማን እንደሚቀድም መጠየቅ ለምደናል። ቢፈቀድልኝ ዛሬም መንገዱ መሐል ቆሜ ጡረታዎን ትንሽ ባቆየሁት ደስ ይለኝ ነበር። ግን የሚሄዱበት ባቱ ላይ ሐይቁ አለ፤ ወይዘሮ አበዛሽም ምሳ ይዘው ብዙ ጠብቀዋል። ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልን። ከእንግዲህ ለምሳ እርስዎ ቀድመው ይድረሱ።

በሉ፣ ብርጭቋችንን እናንሳ። ጋሽ አምባዬ ያጨብጭቡልንና እንጠጣ። ወዬሳ፣ አንተም አንሳ። በሁለቱም እጅህ።