ለለቅሶ የተላከ ዱላ

ነይ እዚህ ጋ ተቀመጪ፣ ቨርናዬ፤ ማሞቂያው ሥር ይሻላል። መኪናሽን ኤሌክትሪክ ላይ ሰካሻት? ጎሽ። በዛሬው ብርድ ሞተሯ ካልሞቀች ነገም አትነሳም። ድንች የተሞላውን ፔሮጊ ቅመሺ፣ ገና ትኩስ ነው። ለስብሰባው ያቀረቡት ነው... ሰው በባዶ ሆዱ እጁን አያወጣም ብለው ይሆናላ።

ወደ ኋላ አትዙሪ። ማን ተቀመጠ ማን፣ ምን ቸገረን? የራሳችንን ወሬ ነው የምናወራው።

የዚህ የበረዶ ሆኪ ሜዳ ስም ዛሬ ሊቀየር ነው አሉ። እኔማ የባልሽ የኦርቪል ስም በሩ ላይ ይሰቀላል ብዬ ነበር... ሞኝ! ዕድሜውን ሙሉ ይህን በረዶ ሲያጠጣና ሲያለሰልስ የኖረ ሰው ስም ምን ያደርግለታል? ስም የሚያስፈልገው ለሌለው... ማለቴ ለዝነኛ ሰው ነው። ደግሞ ያ ስሙ የሚሰቀልለት ተጫዋቻችን "ለራሴ ብዬ አይደለም፣ ለከተማችን ክብር ነው" ብሏል አሉ። ትሑት እኮ ነው!

ምን ይጎድለዋል? በትልቁ ሊግ ተጫውቶ የለ? አንድ ምሽት ሙሉ! እኛም በማግስቱ አውራ ጎዳናው ዳር፣ እዚህ ሳይወለድ፣ የትውልድ ከተማው ነን ብለን ሰሌዳ ተከልን። ቀለሙ ሳይደርቅ ወደ ታችኛው ሊግ መለሱት እንጂ። ከዚያ ወዲያ ያልዞረበት ቡድን አለ? ሜይን፣ አይዳሆ፣ ጀርመን፣ ስሎቫኪያ... የሚወደድ ሕፃን ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚዞረው፤ ማንም ይዞ አያስቀረውም።

ገና አፍላ ወጣት ሳለ የከተማችን ቡድን ከሌላ ቦታ አምጥቶ አንቺ ቤት ሲያሳድረው ትዝ ይልሻል? ሦስት ክረምት አብልተሽ፣ ልብሱን አጥበሽ... ኦርቪልም ጎህ ሳይቀድ ለልምምድ ሲያደርሰው። የጎመን ጥቅልሽን እንዴት ይወድ ነበር! "ያሳደግሁት ውሻ ነከሰኝ" ይላሉ... ያንቺው ግን አልነከሰሽም። ለመንከስም መምጣት ያስፈልጋላ።

ኧረ አልዋሽም፣ ኦርቪል የሞተ ጊዜ አልረሳሽም። ከተማው በሙሉ ለሐዘኑ በየበሩ የሆኪ ዱላ ሲያቆም፣ እሱም ካለበት ዱላ ላከ። አዲስ! ፈርሞበት! የራሱን ስም በትልቁ፣ ከነማልያ ቁጥሩ፣ "ከመልካም ምኞት ጋር" ብሎ... ምን ያድርግ፣ እጁ ለምዶበት ነው። አንቺም አላሳፈርሽውም፤ ከኦርቪል ዱላ ጎን አቆምሽው። እኔ ለቅሶ ስደርስ ማንን እንደምንቀብር ግራ ገባኝ። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

አሁን ደግሞ "የሚደግፍ?" ሲባል እጅሽን ልታወጪለት ነው አሉ። "ልጄ ነው፣ በሰው ፊት ላሳፍረው አልችልም" ብለሻል። ውይ ደግነትሽ... ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ትያለሽ። በዚህ ብርድ ምን ዝንብ አለና ነው? ተነሺና የባልሽን ስም ጥሪ እንጂ!

ይኸው፣ ከኋላችን የተቀመጠው እሱ ራሱ ቀድሞሽ ተነሳ። ጆሮው ቀልቷል... ብርዱ ይሆናል። ና ልጄ፣ ና ቁጭ በል፤ አንተ ስለማታውቀው ሰው ነው የምናወራው። እንኳን መጣህ፣ ልመርቅህ። እግዜር ቤትህን ይሙላው። የሰውም ልጅ ቢሆን የምታሳድገው ይስጥህ፤ አብልተኸው፣ ተሸክመኸው፣ ትልቅ ሰው ይሁንልህ። እና አንተ ቨርናን እንደወደድካት፣ ልክ እንደዚያው አድርጎ ይውደድህ። አሜን በል፣ ልጄ።