ቀሚሱ ከዚህ በላይ አይጠብም

ነይ ግቢ አስተማሪዋ። በሩን ገርበብ አድርጊው፣ ነፋሱ ክሬን ይበትንብኛል። ጃኬትሽ ደርሷል፣ እጅጌው ብቻ ነው የቀረኝ፤ ልበሺውና መስተዋቱ ፊት ቁሚልኝ። ትምህርት ቤት እንዴት ነው? ልጆቹስ አላስቸገሩሽም? ይሄ ወንድማችን ካንቺ በፊት ነው የመጣው፤ ግን አይቸኩልም። የሱሪውን ወገብ አስፍቼለት የአንዲት ቁልፍ ነገር ነው የቀረው። ጨዋ ነው፣ አግዳሚው ላይ ስልኩን እያየ ይጠብቀኛል።

እጅሽን ዘርጊ... ተመስገን፣ አልከሳሽም አልወፈርሽም። እኔ እኮ የሰውን ኑሮ የማውቀው በሜትር ነው። ይሄ ደብተር ላይ የሠላሳ ዓመት ወገብ ተጽፏል። ማን እንዳገባ፣ ማን ከባሏ እንደተኳረፈች፣ የማን ቤት ጭር እንዳለ ሳይነግሩኝ አየዋለሁ። አንዳንዱ ብቻውን ሲቀር ብስኩት እየቆረጠመ ይሰፋል። አንዳንዱ ደግሞ... ይጠባል።

እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን እናት ታውቂያቸው የለ? ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቀሚሳቸውን ሦስት ጊዜ አጥብቤዋለሁ። መጀመሪያ ሁለት ጣት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። ሐኪም አይቷቸዋል። ደማቸው ተመረመረ፣ ራጅ ተነሱ፣ ምንም በሽታ የለም ተባለ። እኔም ሐኪሙን አምነዋለሁ።

ልጅ የላቸውም ወይ እንዳትዪኝ። አላቸው፤ ያውም እንዴት ያለ ልጅ... ስሙን አልጠራም፣ ሰው ማማት አልወድም። ማመስገን ግን ማን ይከለክለኛል? እናቱ የምግብ ፍላጎቴ ጠፋ ቢሉት ምን ያደረገ ይመስልሻል? ፍሪጅ ገዛላቸው። በቁመት እሳቸውን የሚበልጥ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሾፌር ልኮ ያስሞላዋል፤ ዶሮው፣ እርጎው፣ ዓሣው፣ እኔ ስሙን የማላውቀው አይብ ሁሉ። ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ እንኳ በሩ ላይ ተደርድሯል። እንዲህ ያለ ልጅ ስንቷ እናት ታገኛለች? አንዲት ነገር ብቻ ናት የረሳት... ፍሪጅ አብሮ አይበላም።

ዓርብ ዓርብ ለምሳ እመጣለሁ ይላቸዋል። ታዲያ እሳቸው በጠዋት ተነስተው ድንቹን ይልጣሉ፣ ሾርባውን ይጥዳሉ፣ ሁለት ሳህን ያቀርባሉ። ሰባት ሰዓት ላይ ስልክ ይመጣል። ስብሰባ ነው። የዛሬ ጊዜ ስብሰባ ደግሞ ምግብ ቤት ውስጥ ነው አሉ፤ ትልቅ ሥራ የያዘ ሰው ምን ያድርግ? «ምሳ በላሽ ወይ እማዬ?» ይላቸዋል። በላሁ ልጄ ይላሉ። አምኗቸው ይዘጋል። የእናቱን ቃል የማይጠራጠር ልጅ... መውለድስ እንዲህ ነው። ከዚያ ሾርባው ለበሩ ዘበኛ ይወርዳል። ዘበኛው ሰሞኑን እንዴት ፊቱ እንደሞላ አላየሽም? ያን ልጅ ሲመርቀው ነው የሚውለው።

ቀጥ በይ፣ ስፒሉ እንዳይወጋሽ። ወንድሜ፣ ሞቀህ እንዴ? ላብ በላብ ሆንክ እኮ። መስኮቱን ክፈተው፣ አትፈር።

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ቀሚሱን ላደርስላቸው ብወጣ ኩሽና ውስጥ አገኘኋቸው። ደረቅ ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከሩ ይበላሉ፤ ቆመው፣ ሳህን እንኳ ሳይዙ። ፍሪጁ ጢም ብሎ ሞልቶ። ለኔ ብቻ ብዬ ምን ጠረጴዛ አቀርባለሁ አሉኝ። ሆዴ ባባ፣ አልዋሽሽም። እኔም ባሌን የቀበርኩ ሰሞን እንዲሁ ቆሜ ነበር የምበላው፤ ከባዶው ወንበር ፊት ለፊት ስቀመጥ እህሉ አልወርድ ይለኝ ነበር። እናም ማንም ሳይጋብዘኝ ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩና ርቦኛል አልኳቸው። ውሸቴን ነው፣ በልቼ ነው የወጣሁት። እንቁላል ጠበሱ። እኔ አንድ ስጎርስ እሳቸው ሁለት፣ ወሬው ሲጥም ሦስት... ሳህኑን በዳቦ ጠርገው ጨረሱ። ያ ሁሉ ሽሮፕ ያልከፈተውን ፍላጎት ትንሽ ሐሜት ከፈተው። ማንን ስናማ እንደነበር ግን አልነግርሽም።

ዛሬ ደግሞ ያ ቀሚስ ተመልሶ መጣልኝ። በፌስታል፣ ከሌላ ልብስ ጋር ታጥፎ። ባለቤቲቱ አልመጡም፣ ልክም አልተላከም። እንደ ባለፈው አጥብቢው ነው የተባልኩት። እንደ ባለፈው... እንግዲህ አንቺ አስተማሪ ነሽ፣ ሰው በየጊዜው እኩል እኩል እንደሚቀንስ ያሰበ ተማሪ ስንት ትሰጪዋለሽ? ደብተሬን ገልጬ ሳየው ከእናትየው የቀነስኩት ሰባት ጣት። በዚያው ጊዜ ለልጃቸው ሱሪዎች የጨመርኩትን ብደምረው፣ እሱም ሰባት። ከቤተሰቡ ምንም አልጎደለም፣ ቦታ ብቻ ነው የቀየረው።

ቀሚሱን አገላብጬ አየሁት። ወደ ውስጥ የማስገባው ጨርቅ አልቋል፣ ጎንና ጎኑ ሊገናኝ ነው። ከዚህ በላይ ካጠበብኩት የትራስ ልብስ ነው የሚሆነው። ስለዚህ መርፌ አላስነካሁትም። ልካቸው እንዲሆን የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ሴትየዋን ያስፋቸው። ዛሬ ደግሞ ዓርብ ነው፤ ሾርባው ይሄኔ ተጥዷል።

በይ አውልቂው፣ እንዳይፈታብሽ ቀስ ብለሽ። አምሮብሻል፤ ሰኞ ብቅ በይ።

አንተም ና ወንድሜ፣ ስላስጠበቅኩህ ይቅርታ፤ ወሬ ስጀምር ማቆሚያውን አላውቅም። ይኸው ሱሪህ፣ ቁልፉን አጠንክሬ ተክዬልሃለሁ። ፌስታልህንም እንካ፣ ውስጡ ያለው እንደመጣ ነው። የፎቁ ደረጃ በስተግራ ነው... ምናልባት ከጠፋህ ብዬ ነው። እግዜር ያክብርህ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥህ፤ እንደ እናትህ ለሰማንያ ያብቃህ። ከቤትህ ምግብ አይታጣ። እነዚያ ትንንሽ ልጆችህም ይደጉልህ፣ ትልቅ ሰው ይሁኑልህ... ደግሞም ቁርጥ አንተን ይሁኑልህ።