ሰሊጥ ሞተ የሚባልበት አገር

— ሄሎ… አቤት… አዎ፣ ጀምበሩ ነኝ፣ ማን ልበል?… ኧረ ጋሼ እንዳለው! ቁጥሩ አዲስ ሆኖብኝ እኮ ነው። እንዴት ዋሉ?… እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኛ ደህና ነን… ሄሎ?… ምንድን ነው እሱ የሚያጓራው? ድምፅዎ ተዋጠብኝ… ወፍጮዎ ነው? እስቲ ከወፍጮ ቤቱ ትንሽ ራቅ ይበሉ… እንደሱ። አሁን ሰማሁ።

— አገኘሽ፣ ያን ራዲዮ ዝጊው። ከጎንደር ነው፣ የሙሽራችን አባት ናቸው።

— ቆይ ጋሼ፣ እኔም ወደ ዛፉ ልውጣ። እዚህ ሽንፋ ቤት ውስጥ ኔትወርኩ ይቆራረጣል… አሁንስ ይሰሙኛል?… በጄ። እትየ ማርያማዊት እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው?… ተመስገን።

— የሰርጉን ነገር?… እኛማ እየተሰናዳን ነው። ልጄ ሰውነት ቤቱን ቆርቆሮ አልብሶ ጨርሷል። ዛሬ በሩን ሰማያዊ ቀለም ሲቀባ ነው የዋለው፤ ልብሱም ፀጉሩም ሰማያዊ ሆኗል። ልጅዎ ሮዳስ ናት አሉ የመረጠችው… አዎ፣ አስተምራ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ከሸሕዲ እየደወለች ታዘዋለች። ገና ሳይጋቡ አስተማሪ ሆናበታለች… እንግዲህ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ እንደተባባልነው…

— ምን አሉኝ?

— ይቆይ?… ለከርሞ?

— የለም፣ አልተቆጣሁም። የምቀመጥበት ድንጋይ እየፈለግሁ ነው።

— ልጆቹ ተጣሉ እንዴ?… አልተጣሉም። እኛስ ያጠፋነው ነገር አለ?… እሱም የለም። ታዲያ ምን ተገኘ ጋሼ?… ምኑ?… ኢኮኖሚው?… የማን ኢኮኖሚ? የኛ?

— አገኘሽ፣ ነይ ስሚ። ኢኮኖሚያችን ሊወድቅ ነው አሉ… ሰሟት ጋሼ? «መቼ ተነሥቶ» ትላለች። ይተዋት፣ እሷ እንዲሁ ናት።

— እየሰማሁ ነው፣ ይንገሩኝ… እሽ… እሽ… በአንድ ምርት ላይ የተንጠለጠለ አገር፣ ያ ምርት ገበያ ሲያጣ ሁሉም አብሮ ይወርዳል። ገባኝ… ድቀት? ኧረ ቃሉ ራሱ ሰው ይጥላል!… አይ፣ እየቀለድኩ አይደለም። ይቀጥሉ።

— እሱስ ልክ ነዎት። የሰሊጥ ዋጋ ወርዷል፣ አልዋሽዎትም። የሚበላው ሰው ባሕር ማዶ፣ ዋጋውን የሚቆርጠው ባሕር ማዶ፣ እኛ እዚህ ፀሐይ ላይ ቆመን ወሬ እንጠብቃለን። ሱዳንም ጦርነት ከገባ ወዲህ ከድንበሩ ማዶ ያለው ገላባት እንደ ድሮው አይደለም። መኪናው ቀንሷል። ከደጋ ለአረም የሚመጡት ልጆችም ዘንድሮ ቶሎ ነው የተመለሱት። እኔም ሁለተኛውን አረም ከነሰውነት ጋር ራሴ ነው ያረምኩት፤ ወገቤን ይጠይቁት። ይህን ሁሉ ማን ይክዳል?

— ግን እንዲያ ከሆነ ሁላችን ጠፍተናል፣ ሰርጉም ይቅር የሚለውን ከየት አመጡት?… ጠየቁ? ማንን ጠየቁ?

— አብዱልሀኪምን? የመተማ ዮሐንሱን ባለሱቅ?… እና ምን አለዎት?… «ሱቅ ማፊ፣ ኸላስ።» ገበያ የለም፣ አለቀ አለዎት… ሌላስ?… መቅዲን? ሸሕዲ ያለችውን ባለሆቴሏን?… «የሚበላ ሰው ጠፋ፣ ድስቴ ዝጎ ቀረ» አለች…

— አይ ጋሼ እንዳለው። አይ የኔ ጌታ… ይቅርታ፣ መሳቄ አይደለም… መሳቄ ነው፣ ምን ላድርግ። አገኘሽ፣ ጋሼ አብዱልሀኪምን ሥራ እንዴት ነው ብለው ጠየቁት!… እሷም ሳቀች። እንዳይቀየሙን።

— ቆይ ላስረዳዎት። እዚህ ቆላ ውስጥ ሥራ እንዴት ነው ሲባል «ሞተ» ነው የሚባለው። እንደ እግዜር ሰላምታ ይቁጠሩት። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚለው፣ ሰሊጡ ቤቱን ሞልቶት… ምክንያቱማ ብዙ ነው! ብዙ አምርቻለሁ ያልክ ቀን ደላላው ዋጋ ይጥልብሃል። ተሸጠልኝ ያልክ ቀን ከደጋ ያለ ዘመድ ሁሉ ስልክህን ያገኘዋል። ሁለቱ ቢያልፉህ የሰው ዓይን አለ። ስለዚህ ሰሊጥ ሞተ፣ ሱቅ ሞተ፣ ከብት ሞተ። ሰው ብቻ ይጠግባል።

— አዎ፣ አብዱልሀኪምም ጭምር! ባለፈው ማክሰኞ አገኘሽ አይታዋለች፤ ከሱቁ አጠገብ ሁለተኛ ክፍል ሊጨምር ብሎኬት ያስወርዳል። «ምን ልትሠራበት ነው?» ብትለው «የማለቅስበት» አላት… መቅዲም አዲስ አልጋ አስገብታለች፣ ሰውነት ነው በጋሪ ያደረሰላት። ድስቱ ዝጎ ከቀረ አልጋው ለማን ነው?

— ልክ ነው… ልክ ነው፣ ጠርጥር ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር። መጠየቅዎ ደግ ነው። እኔም ሴት ልጅ ቢኖረኝ እጠይቅ ነበር። ጥፋቱ የኛ አገር አፍ ነው። የኛን ሰው አፉን ትተው እጁን ይዩት። እጁ ብሎኬት ከያዘ አለ ማለት ነው።

— እኔን?… እኔን ደግሞ ሥራ እንዴት ነው ሊሉኝ ነው? ጋሼ፣ ይህን ጥያቄ ለማንም አልመልስም… እሽ። እሽ፣ ለእርስዎ እመልሳለሁ። እንዳይሰማ ድምፄን ልቀንስ።

— ደህና ነው።

— ደህና ነው አልኩ! ኧረ አያስጩሁኝ፣ ሰፈሩ ይሰማል!

— እንዴት ብሎ ማለት… ይህች ሴት ናት ጋሼ። አገኘሽ። አምና ሰሊጥ ዋጋ ሲያወጣ ጊዜ ሰዉ ሁሉ ዘንድሮ እስከ ደጃፉ ድረስ ሰሊጥ ካልዘራሁ አለ። እኔም ልቤ ተነሣ። ማሳው ሁሉ ሰሊጥ ይሁን አልኩ። እሷ መሐል ማሳው ላይ ሄዳ ቁጭ አለች። ትራክተሩ ደርሶ ቆመ፣ ሹፌሩ ይስቃል፣ እኔ አፈርኩ። «ከዚህ ወዲያ ማሽላ ካልሆነ አልነሣም» አለች… ምን አደርጋለሁ? ላርስባት ነው? ማሽላ ዘራሁ… አዎ፣ እኩል በእኩል። ሰሊጡ ተራግፎ ጆንያ ገብቷል፤ ዋጋው እስኪነቃ ቤት ይተኛል። ማሽላው ደግሞ ገበያ ቢጠፋ ይበላል። ሰሊጥ እኮ ሙያው መሸጥ ብቻ ነው፤ ምሳ አይሆንም።

— «ንገራቸው፣ ሦስት ቀን አኩርፈኸኝ ነበር በል» ትላለች። እውነቷን ነው። አሁን ግን ለማንም ሰው ሐሳቡ የኔ ነው እያልኩ ነው የምናገረው።

— ሄሎ?… ሄሎ፣ ጋሼ?… አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ።

— ምን ሆኑ? ድምፅዎ ወረደ… እሽ፣ ይንገሩኝ። እየሰማሁ ነው።

— …

— በወጣትነትዎ ቡና አገር?… አዎ፣ ባንክ ቤት ሳሉ… ከተማው በሙሉ የቡና ነበር… እ… እሽ… ዋጋው በአንድ ጊዜ ወደቀ። ከዚያስ?… ሱቁ በየተራ ተዘጋ… የጎረቤትዎ ልጅ ሰርግ ተደግሶ ሳለ ፈረሰ። ሙሽራው ሳይነግራት በሌሊት መኪና ሄደ… አይ፣ አይ። ምስኪን… እና እሷን በዓይንዎ አይተዋታል። ሮዳስን እንደ እሷ እንዳላያት ብለው ነው። ገባኝ ጋሼ። አሁን ነው የገባኝ። ኢኮኖሚ ኢኮኖሚ ሲሉኝ በሙግት ልመልስዎት ነበር፤ ፍርሃቱን አላወቅሁም።

— ከተማውስ? ያ ከተማ ምን ሆነ?… ተመልሶ ቆመ? በማን?… ያልሄዱት ሰዎች… ከቡናው ሥር በቆሎም፣ እንሰትም የነበራቸው። እህ… እኔ አልተናገርኩም እንግዲህ፣ እርስዎ ነዎት ያሉት።

— ቆይ፣ አገኘሽ ጆሮዬ ውስጥ ልትገባ ነው። ምንድን ነው?… እ?… ማን ነገረሽ?… እውነትሽን ነው?

— ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው፣ እንዳይቆጡ። እትየ ማርያማዊትን ያገቡት እዚያው ቡና አገር ሳሉ ነው አይደል?… አዎ። ቡናው ሳይወድቅ ነው ወይስ ከወደቀ በኋላ?

— እንዴት አሉ?… አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ።

— በዚያው ዓመት።

— በዚያው ዓመት! በአንድ ፍየልና በተዋሱት ሙሉ ልብስ፤ ሱሪው አጥሮ ካልሲዎ እየታየ። ሽምግልና የመጣን ዕለት እትየ ማርያማዊት ጓዳ ውስጥ ለአገኘሽ አጫውተዋት ኖሯል። እንዲያውም «አባቴ ለከርሞ ይሁን ቢል፣ እሱ ለከርሞ ብሎ ነገር የለም ብሎ ደጃፋችን ላይ አደረ» ብለዋል…

— ማን ነው የሚስቀው?… እትየ ማርያማዊት ናቸው? እስካሁን ሲሰሙን ነበር?… እንዴት ዋሉ እትየ! እግዜር ይስጥዎት፣ እርስዎ ባይኖሩ ይህን ሰው ማን ይችላቸው ነበር።

— ሄሎ፣ ጋሼ… የለም፣ አሁን ቀልዱን ልተወው። አገኘሽ፣ አንቺም ስሚ። ዋስትና ስጠኝ ቢሉኝ የሰሊጥ ዋጋ ከርሞ ይወደዳል ብዬ አልምልልዎትም። የሚያውቅ የለም። ድንበሩ ይከፈት ይዘጋ አላውቅም። የማውቀው ልጄን ነው። ሰውነት ዝምተኛ ነው፣ ያውቁታል። ትናንት ቆርቆሮ ሲመታ ሲያፏጭ ሰማሁት። ሃያ ስድስት ዓመት አሳድጌው ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ሄጄ ለከርሞ ተባለ ልለው አልችልም ጋሼ። አንጀቴ አይችልም። የሚሄድ ልጅ አይደለም፤ ሰማያዊ በር የሚቀባ ሰው የት ይሄዳል?

— …

— ይባረኩ።

— ይባረኩ ጋሼ እንዳለው። ዕድሜ ይስጥዎት… አይ፣ ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ ነው። አገኘሽ ምን ያስለቅስሻል፣ እሽ አሉ እኮ!

— አዎ… ይሁና፣ አነስ ይበል። እኛም እንደዚያው ነው ያሰብነው። ፍየል ከቤት አለ፣ እህሉ የማሽላ እንጀራ ቢሆን የሚያፍርበት የለም… ድንኳኑም ትንሹ ይበቃል። ትልቁ ለዘንድሮ አይሆንም፣ ልክ ነዎት። አገኘሽ ትልቁን ብላ ነበር፣ እነግራታለሁ… ሰምታለች። ፊቷን አዙራለች።

— እትየንም እንዲሁ ሰላም ይበሉ… አንድ ጊዜ ይቆዩኝ፣ ሰው መጣ። ሞተር ነው።

— ኧረ ትዕዛዙ! ደህና ዋልክ?… ሰሊጥ? የምን ሰሊጥ አመጣህ ደግሞ? ሞተ እኮ! ዝናቡ በአበባው ደርሶ አራገፈው፣ የቀረውን ተባይ ጨረሰው። ያለችኝ ለዘር የማትበቃ ናት፣ እሷንም አልሸጣት… ምን እናድርግ፣ አልቀናል! ማሽላውስ አልክ? ማሽላውንማ ወፍ!

— ሄሎ… ጋሼ… ኧረ ጋሼ፣ ሰሙኝ እንዴ?… ሄሎ? እንዳይዘጉት! ይኸ ለደላላው ነው! ለትዕዛዙ ነው የተናገርኩት፣ ማርያምን…

— ይስቃሉ እንዴ?… ሳቁ! እትየም አብረው! እፎይ… ልቤን አቆሙት እኮ። አዎ፣ ይኸውልዎ፣ በጆሮዎ ሰሙት። እንዲህ ነው የምንለው። አፍ ለምዶበት ነው፣ ከእንግዲህ እርስዎም ይለምዱታል።

— በሉ እንግዲህ፣ ካርድዎን ጨረስኩት። ለነገሩ የኛን ብቻ ስናወራ የእርስዎን ሳልጠይቅ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ወፍጮ ቤቱ እንዴት ነው? ሥራ አለ?

— ምን አሉ?… ሄሎ፣ ያ ወፍጮ እንደገና ድምፅዎን ዋጠው፣ ጮኽ ይበሉ…

— ሞተ?… የሚያስፈጭ ሰው ጠፋ?… ጨርሶ?… ወይ ጉድ። አይዞዎት ጋሼ… አይዞዎት፣ እግዜር ያውቃል። በሉ ደህና ይሁኑ፣ ለጥምቀት ሰሞን ያገናኘን። ቻው።

— አገኘሽ!… ነይ እስቲ። ጋሼ እንዳለው ሥራ ሞተብኝ አሉ። ትልቁን ድንኳን እዘዢ።