ወፍጮ የፈጨው ውል

በጣሊያን ጊዜ ነው። እኔና አራት ጎረቤቶቼ፣ ጋሽ ወልዴ ቀራንዮ ላይ ለሚያቆሙት አዲስ የሞተር ወፍጮ ገንዘብ አዋጥተን ነበር። ድርሻችን የተጻፈበትና በጣታችን የፈረምንበት ወረቀት እሳቸው ዘንድ ነው የተቀመጠው። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አሮጌው ወፍጮ ቤታቸው ገብስ ላስፈጭ ሄጄ ተራዬን ስጠብቅ ሁለት የጣሊያን ወታደሮች ከአስተርጓሚያቸው ጋር ገቡ። «ጫካ ላሉት ሽፍቶች ገንዘብ የሚያዋጡ ሰዎች ስም እዚህ አለ ተብሏል፤ አምጣ» አላቸው አስተርጓሚው። አርበኞቹን ማለቱ ነው። የእኛን የድርሻ ወረቀት ቢያገኙ ያ ነው ማለታቸው አይቀርም፤ እዚያ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ደግሞ የእኔ ስም ነው።

ጋሽ ወልዴ አልተጣደፉም። «ፈትሹ» አሉና ቁናቸውን አጠገባቸው ካለው ጆንያ ሰደዱ። ለካ ወረቀቱን የደበቁት እዚያ ኖሯል፤ ከገብሱ ጋር ተዝቆ ሲወጣ ጫፉን አየሁት። እንዳለ ወፍጮው አፍ ውስጥ ገለበጡት። ወታደሮቹ የቀረውን ጆንያ ሁሉ ዘርግፈው፣ ሳጥኑን ሰብረው፣ ምንም ሲያጡ ሄዱ። እኔ ታዲያ ምን ያልኩ ይመስላችኋል? እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላልኩም። «ጋሼ፣ እንግዲህ ድርሻችን በምን ይታወቃል?» አልኳቸው። ከክንዳቸው ላይ ዱቄቱን አራገፉ።

«ወረቀቱን ብሰጣቸው ኖሮ በደንብ ይታወቅልህ ነበር» አሉኝ።

ገብሴን ሳላስፈጭ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።