ለወንድሙ ዝም ያለው መሪጌታ

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የወንድም ዝምታ ግን ይነቅዛል፤ ያውም የሰሚውን ልብ ነው የሚበላው። ጋሼ ጌታሁን ያን አርብ ገብሳቸውን ሸጠው ከአርብ ገበያ ሲመለሱ ልባቸው እንዲህ የተበላ ነበር። ዳገቱ ሥር የጎረቤታቸው የወይዘሮ የኔነሽ ልጅ ዮርዳኖስ ደረሰችባቸው። ጎንደር ሕክምና የምትማር፣ ለእረፍት የመጣች ልጅ ናት። ጉልበታቸውን ሳመችና አህያውን እየነዳች አብራቸው መጓዝ ጀመረች።

"ጋሼ፣ ነገ ወንድምዎን መሪጌታን ሽማግሌ ፊት ሊከሱ ነው የሚባለው እውነት ነው?"

"ታዲያ ምን ላድርግ ልጄ? ወልደ ሩፋኤል የእናቴ ልጅ ነው። ኅዳር ላይ በድንበር ተጋጨን። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አይተነፍስም። ድንበሩ እስኪመለስልኝ አልናገርም ብሎ ምሏል ይላሉ። ማኅሌት ሲቆም ግን ያ ድምፁ እንደ ድሮው ነው። ለእግዜር የሚፈታ አፍ ለወንድም የሚታሰር ከሆነ ትዕቢት አይደለም? ሰላም ስለው እንኳ የዘረጋልኝ ግራ እጁን ነው። ከማኅበራችን ይውጣልኝ፤ እኔም ወንድም የለኝም ብዬ እኖራለሁ።"

ጋሼ ጌታሁን ክፉ ሰው አልነበሩም። ቅር የተሰኘ ሰው ግን ማስረጃ አያጣም፤ ያጣ ዕለት ራሱ ይሠራዋል።

ዮርዳኖስ መንገድ መሐል ቆመች። "ግራ እጃቸውን?"

"ግራውን። እንደ ጠላት።"

"ጋሼ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሳብሰለስለው የነበረውን ጨረሱልኝ። እሑድ መቋሚያውን በግራ ይዘው አይቻቸዋለሁ። ቀኝ እጃቸው ዝሏል። እሳቸው አላኮረፉም፤ ታመዋል።" ደስታና ድንጋጤ ተቀላቅሎባት ቃሉ ልቅደም ልቅደም ይላት ነበር። "በአብዛኛው ሰው ንግግርን የሚያዘው የአንጎል ግራ ወገን ነው፤ ቀኝ እጅንም የሚያዘው እሱው ነው። እዚያ የደም ሥር ሲደፈን፣ ስትሮክ የሚሉት ነው፣ ቃልም ይጠፋል፣ ቀኝ እጅም ይዝላል። ዜማ ግን በሌላውም ወገን ማደሪያ አለው። የገዛ ስማቸውን መጥራት ያቃታቸው አዛውንት መዝሙር ሲጀመርላቸው እስከ መጨረሻው ሲዘልቁት ጎንደር በዓይኔ አይቻለሁ።"

ጋሼ ጌታሁን ፈገግ አሉ። "ለሐኪም ሁሉም በሽታ ነው። ነገ ሌባውም 'እኔ ሳልሆን አንጎሌ ነው የሰረቀው' ይበለና እናሰናብተው? ነፍስስ የት ገባች? የሰው ፈቃድስ?"

"ይህን አስተማሪዎቻችንም ተከራክረው አልጨረሱትም። ነፍስን የሚለካ መሣሪያ የለንም፤ የለችም የምልበት አፍም የለኝም። ሌባው ግን መተው እየቻለ ሰርቋል። እኔ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። በጠና የታመመ ሰው ሁዳዴን ባይጾም ጾም ሻረ ይሉታል?"

"አልለውም።"

"ስለ ምን?"

"አልቻለማ።"

"የሆድ ሕመም ስለምናውቅ ይቅር አልነው። የንግግርን ሕመም ግን ስለማናውቀው ጥል አደረግነው። አልቻልሁም እና አልፈልግም ከውጭ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ ጋሼ።"

ጋሼ ጌታሁን በኅዳር ሚካኤል ማግስት ወንድማቸው ደጃፉ ላይ ወድቆ እንደተገኘ ትዝ አላቸው፤ ዝምታውም ከዚያው ወዲህ ነበር። ብቻውን የሚኖር ሰው ነው፤ ድካም ነው ተብሎ ታለፈ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"እንግዲህ ወንድሜ እንደ ድሮው እውስጡ አለ በይኛ። ስሰድበው ይሰማኝ ነበር?"

"ብዙውን ይሰሙ ነበር ብዬ እገምታለሁ።"

እኒያ ሽማግሌ ያን ጊዜ አለቀሱ። ደግሞ እያለቀሱ ሳቁ፤ የጠፋባቸው ወንድም ሳይጠፋ ተገኝቷልና።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተቀመጡ፤ ዮርዳኖስና የመንደሩ ሰውም ዙሪያውን ተሰበሰቡ። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤልም አንገታቸውን ደፍተው መጡ። ክሱን እንዲያሰሙ ሲጠሩ ጋሼ ጌታሁን ተነሡ።

"ከሳሽ ሆኜ ነበር የጠራኋችሁ፤ ተከሳሹ እኔ ነኝ። በወደቀ ዛፍ ላይ ምሳር አብዝቻለሁ።" ከዮርዳኖስ የሰሙትን አንድ በአንድ አስረዱ። "ሰኞ ንፋስ መውጫ ከተማ ወስጄ አሳክመዋለሁ፤ የደም ግፊቱም ይለካል፣ ሁለተኛ እንዳይመታው መድኃኒት አለ አለችኝ። ቃሉንም በዜማ በኩል ቀስ በቀስ ማለማመድ ይቻላል። እናንተም ስሙኝ፦ አፉ የተጣመመ፣ እጁ የዛለ፣ ንግግሩ የጠፋበት ሰው ስታዩ በዚያችው ሰዓት ወደ ሐኪም ሩጡ። ፍርዱ ይቆየን። ሳናውቅ የፈረድነው ይቅር ይባልልን ይሆናል፤ አውቀን ከፈረድን ግን ምን እንመልሳለን?"

የሽማግሌዎቹ ዳኛ አቶ አያሌው ወደ መሪጌታ ዞሩ። "መሪጌታ፣ ወንድምዎን ይቅር ብለዋል?"

የመሪጌታ ከንፈር ተንቀጠቀጠ። አንገታቸው ተገታተረ፤ ቃል ግን አልወጣም። ከወደ ኋላ ማጉረምረም ተሰማ።

"አትጠይቁት፤ ጀምሩለት" አሉ ጋሼ ጌታሁን፤ ራሳቸውም በዜማ "አቡነ ዘበሰማያት" ብለው ጀመሩ። ሕዝቡ ተነሥቶ ተቀበለ። ከሁሉ በላይ ግን ያ የታወቀ ድምፅ ጠርቶ ይሰማ ነበር። "ኅድግ ለነ አበሳነ"፣ በደላችንን ይቅር በለን፣ የሚለው ላይ ሲደርሱ ጋሼ ጌታሁን እጃቸውን አንሥተው ሕዝቡን ገቱ። መሪጌታ ብቻቸውን ቀጠሉ፤ "ከመ ንሕነኒ ነኀድግ ለዘአበሰ ለነ።" እኛም የበደለንን ይቅር እንደምንል ማለት ነው።

ጋሼ ጌታሁን ወደ ዮርዳኖስ ዘወር አሉ። "ልጄ፣ ይህ ከልቡ ነው ወይስ የለመደው አፉ ነው?"

"በድምፃቸው ብቻ አላውቅም ጋሼ። እጃቸውን ይዩ" አለቻቸው።

የመሪጌታ ግራ እጅ የወንድማቸውን ጋቢ ጨብጦ ይዞ ነበር። ጸሎቱ አልቆ ሰው ሁሉ ሲቀመጥም አልለቀቀውም።