ማጠፍ የሚያውቅ ሰው

እትዬ፣ እንዴት አደርሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ዛሬ ደግሞ እንፋሎቱ ገና በጠዋቱ ቤቱን ጭጋግ አስመሰለው፤ መስኮቱን ገፋ ላድርገው እንዴ? ክሩን አምጪው፣ እኔ ላስገባልሽ። የመርፌ ቀዳዳ እንደ አንዳንድ ሰው ልብ ነው፣ በየዓመቱ ይጠባል። ነጩን ነው ጥቁሩን? ... እሺ፣ ጥቁሩን።

ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ጆሮሽ ስለደከመ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲሰማ ብዬ አይደለም። እዚያ መስታወቱ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ቢሰማስ ምን ቸገረኝ? እኔ እንደሆንኩ ስም ማጥፋት አልወድም። በዚህ ዘመንማ ላጥፋ ቢሉስ ምን ይጠፋል?

አንድ ወሬ ላጫውትሽ። እዚህ ቤት አይደለም፤ ሌላ ላውንደሪ ነው... ሩቅ ነው፣ አንቺ አታውቂውም። የዚያ ቤት ጌታ እንዴት ያለ ሰው መሰለሽ! አባቱ ላውንደሪውን ከነካውያው ሲያወርሱት፣ ካውያ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ንጹሕ ልጅ ነበር። እጁ እስከዛሬ እንደ ሕፃን እጅ ለስላሳ ነው አሉ። ይህን ማድነቅ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ሠርቶ እጁን ያበላሸውማ ሞልቷል።

ይህ ብሩህ ሰው ሮቦት አመጣ። ሁለት ረጃጅም ክንድ ያለው፣ አንሶላውንም ሸሚዙንም የሚያጥፍ። "እጠፍ" ሲሉት ያጥፋል፣ "ዘርጋ" ሲሉት ይዘረጋል። ቃላቱን ያስተማረው ማን ይመስልሻል? ራሱ ነው፣ በገዛ ድምፁ። አፉ ትንሽ ይቸኩላልና "እጠፍ" ሲልና "አጥፋ" ሲል ለሰሚው አንድ ነው። እኔ እንኳ አልፈርድበትም፤ ለአንዳንድ ሰው ማጠፍና ማጥፋት ከድሮም አንድ ነው።

ሮቦት ብቻ መች በቃው? ብሎክቼን የሚሉትን ጨመረበት። ምንድነው አትይኝም? ... መዝገብ ነው እትዬ። ሮቦቱ ያጠፈውን ሁሉ ራሱ ይጽፋል፤ አንዱ መስመር ከሌላው ጋር እንደ ሰንሰለት የተቆላለፈ ነው፤ ቅጂው ደግሞ በየደንበኛው ስልክ ውስጥ ይቀመጣል። አንዴ ከተጻፈ ጌታም ቢሆን አይፍቀውም። ሸሚዜ ጠፋ፣ ሱሪዬ ተቀየረ የሚል ሙግት ቀረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ የለ? ይኼኛው ሲሮጡ ቢታጠቁትም አይፈታም።

ታዲያ ሮቦቱ ሥራ የጀመረ ዕለት፣ ደንበኛው ተሰብስቦ፣ ሠራተኛው ደግሞ ይኼ ብረት ሊያስባርረን ነው ብሎ ፊቱ ጠቁሮ ሳለ፣ ሰውየው ምን አደረገ መሰለሽ? እጁን አነሳና የመዝገቡን የመጀመሪያ መስመር በራሱ ቃል አስጻፈ። "ከዚህ ቤት አንድም ሠራተኛ አይባረርም። አንዷ እንኳ የተባረረች ዕለት ሮቦቱ ክንዱን አያንሳ።" ተጨበጨበለት። አንዲት ቁልፍ ሰፊማ አለቀሰች አሉ። ሠላሳ ዓመት እዚያው ቁጭ ብላ የሰው ሸሚዝ ቁልፍ የሰፋች ሴት ናት፣ ጆሮዋ ትንሽ ከበድ የሚል... ምን ታዪኛለሽ እትዬ? ስፊ እንጂ፣ ሌላ ቤት ነው አልኩሽ።

ወር ሳይሞላ ሰውየው አሰበ። ማሰብ ይወዳል። ቁልፍ የሚሰፋ ሌላ ክንድ መግዛት አማረውና ለዚያች ሴት የስንብት ደብዳቤ አስጻፈ። ልቡ ርኅሩኅ ስለሆነ ፊት ለፊት ሊነግራት አልቻለም፤ በመስታወት ጀርባ ሆኖ ያያታል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሳስበው ሆዴ ይባባል። ሠላሳ ዓመት ጣቷን መርፌ የወጋት ለማን ብላ ነው? ግን ያ የመጀመሪያ መስመር አለ። እሱ እያለ ደብዳቤው ቢወጣ ሮቦቱ ቀጥ ይላል። ድሮ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነበር፤ ዛሬ የደንበኛ ኪስ ውስጥ ነው የሚገባው።

ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት፣ ያቺን የምትወደድ ግራጫ ኮቱን ለብሶ፣ ሮቦቱ ፊት ቆመና "የመጀመሪያውን መስመር አጥፋ" አለው። ብረቱ ምን ቢሰማ ጥሩ ነው? እጠፍ። ምን ልጠፍ ብሎ ዞር ዞር ቢል ፊቱ ያለው ልብስ ኮቱ ብቻ ነው። በእጅጌው ያዘውና፣ ሁለቱን እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ከወገቡ ሸብረክ አድርጎ፣ ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ፣ እጥፋቱን በመዳፉ ደልደል አደረገለት። ሰውየው አጥፋ፣ አጥፋ ባለ ቁጥር እሱ ደግሞ እንደገና ያጥፈዋል። እንዴት ያለ ታዛዥ ነው! በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ነበር የሚባለው፤ እዚያ ቤት ቁና ስለሌለ ባጠፉት ክንድ መታጠፍ ሆነ።

እዚያ የነበረች አንዲት ልብስ ተኳሽ "ዘርጋ" ብላ አስለቀቀችው አሉ። ወዲያው እንኳ አይደለም፤ የያዘችውን ኮሌታ መጨረስ ነበረባት። ኮሌታ ደግሞ ሁለት ጫፍ አለው፣ አንቺ መቼም ታውቂያለሽ። ... ኧረ እኔ አይደለሁም፣ እዚያ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?

ሮቦቱ ግን ግዴታው ነውና ጻፈ፦ "አንድ ግራጫ ኮት፣ ውስጡ ሰው ያለበት፣ ለአራት ታጥፏል።" ወሬው በደንበኛው ሁሉ ስልክ ደረሰ። በማግስቱ አንዷ መጋረጃዋን ይዛ መጥታ፣ እንደ ኮቱ አሳምራችሁ እጠፉልኝ አለች አሉ። ሰውየውን ማን እንዲህ ታዋቂ ያደርገው ነበር?

ከዚያ ባለሙያ ጠራ። ባለሙያው መዝገቡን ወደ ላይ ወደ ታች አየና፣ የተጻፈ አይፋቅም አለው። ከሥሩ አዲስ መስመር መጨመር ግን ይቻላል። ምን ብሎ? "ቃሌን አጥፌያለሁ" ብሎ፣ በራሱ ድምፅ፣ ከነሙሉ ስሙ። ያን ጊዜ ሮቦቱም ሥራውን ይቀጥላል፣ ደብዳቤውም ይወጣል፣ ቁልፍ ሰፊዋም ዕቃዋን ሰብስባ ትሄዳለች። ይኸው ነው፣ ሁለት ቃል ብቻ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ለካ የተጻፈም አይነቅዝም።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን አፉ ጋ አስጠግቶ ተቀምጧል አሉ... በዚያኛው ቤት። ደብዳቤው ከክርኑ ሥር ነው። አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ላቡን ይጠርጋል። አትዙሪ እትዬ፣ እኔ መስታወቱ መወልወሉን ነው የማየው። ደግሞ እኔ አምነዋለሁ። እንዲህ ያለ የአባቱ ልጅ፣ ሰው ሁሉ ፊት እጁን አንስቶ የተናገረ፣ ቃሉን የሚያጥፍ ይመስልሻል? ማጠፉን ለሮቦቱ ሰጥቶት የለ?

በይ መርፌሽን አስቀምጪና እጅሽን ዘርጊ። እኛ ከምርቃት በቀር ምን አለን? ዕድሜና ጤና ይስጠው። ልጆቹን ያሳድግለት። አድገው፣ ማንበብም ችለው፣ "አባባ ለሰዎቹ ምን ብሎ ነበር?" ብለው ያንን መዝገብ ይክፈቱ። የመጀመሪያውን መስመር አንብበው ይኩሩበት... ከዚያ ከሥሩ ዛሬ የሚጽፈውን ያንብቡለት። ስሙን ከልጆቹ ዓይን ለዘላለም አያጥፋው። አሜን በይ እንጂ እትዬ፤ ጮክ ብለሽ።